በአንዲት ፊደል የዘጋነው አፍ

ወገኖቼ፣ ከሁሉም በላይ እናንተ የጎንደር የእንግሊዝኛ መምህራን፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ይበርድልኛል ብዬ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። አልበረደልኝም።

ቅዳሜ ነበር። ግጥምን ስለማስተማርና ተማሪን ስለመለወጥ ሥልጠና አለ ተብለን ከየትምህርት ቤቱ ወደ 40 የምንሆን መምህራን ተሰበሰብን። አሠልጣኙ ወጣት ቢሆንም ሥራውን ያውቃል። ግጥሙን መጀመሪያ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡላቸው አለን። ከዚያ «ምን ታያችሁ? ምን ሰማችሁ?» በሏቸው እንጂ መጽሐፉ ላይ ወዳለው ጥያቄ አትሩጡ። ራሳቸው ሲጽፉ ደግሞ በቅድሚያ የሚሉትን ስሙ። ሰዋስው በኋላ ይታረማል። ሁላችንም ይህን በደብተራችን ጻፍን። እኔማ አስምሬበታለሁ።

ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች የጻፉትን እንዲያነቡ ታስቦ ነበር። እኔም ከ9ኛ ክፍል አንዲት ልጅ ይዤ ሄድኩ። ክፍል ውስጥ ድምፅዋ አይሰማም። ደብተሯ ግን ይናገራል። ዩኒፎርሟን አጥባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ መጣች። ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። በእንግሊዝኛ ያነበበችው ትርጉሙ ይኸው ነው፦

እናቴ ውኃ ትሸከማለች።
ውኃው እኔን ትምህርት ቤት ይሸከመኛል።

የጎንደር ሰው ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። የምንጠጣው የአንገረብ ግድብ በደለል ስንት ዓመት ሲቸገር እንደኖረ እናውቃለን። ቧንቧ ሲጠፋ ጀሪካን በጀርባ ነው። የልጅቷ እናት ለሰው ቤት ውኃ እየቀዳች ነው የምታስተምራት። ልጅቷ ይህን ሁሉ በሁለት መስመር ተናገረችው።

ሦስተኛውን መስመር ልትጀምር ስትል አቋረጥኳት። እኔ፣ መምህሯ። «ትሸከማለች» የሚለውን በእንግሊዝኛ ስታነብ መጨረሻው ላይ ያለችውን «ኤስ» ፊደል ዘላት ነበር። «ካሪ አይደለም፣ ካሪስ! ኤሷ የት ሄደች?» አልኳት። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አንዱ ከኋላ «ኤሷንም ውኃ ወሰዳት» አለ። ሳቁ ጨመረ። አሠልጣኙ እጁን አንሥቶ ጸጥ ሊያሰኘን ሞከረ፤ ማንም አልሰማውም። ልጅቷ ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ ኪሷ ከተተችና ተቀመጠች። ወረቀቱ ላይ ገና ብዙ መስመር ነበረ። ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ሻይ ወጣን። ለልጅቷ አንድ ቃል የተናገረ አልነበረም። ወሬያችን ስለ አበል ሆነ፤ ማን ፈረመ፣ ማን አልፈረመም። አበሉ ይገባናል፣ ደመወዛችን የት እንደሚደርስ እኛው እናውቀዋለን። ግን አንዲት ልጅ አጠገባችን አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ነበር እኮ!

ለምን እንዳቋረጥኳት ልናገር። ስሕተቷ ስላሳሰበኝ አልነበረም። ባልደረቦቼ «ይቺን ያስተማራት ማን ነው?» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እነሱ ሳይቀድሙኝ ቀድሜ አረምኳት። ራሴን ለማዳን እሷን ሰጠኋቸው። ሃያ ዓመት አስተምሬ ለራሴ ስም ስል አንዲት ሕፃን ልጅ አሳልፌ ሰጠሁ። ሌሊት ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ይህ ነው።

እናንተም ሳቃችሁ። ምን ከተማ ላይ እንደምንኖር ረሳችሁ? ይቺ የአንድምታ አገር ናት። ሊቃውንቱ አንዲቷን ቃል ይዘው «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ» ሲሉ የኖሩባት ጎንደር ናት። የላይ ቤትና የታች ቤት ተብለው በትርጓሜ ሲከራከሩ የኖሩት እዚሁ ነው። እኛ ለልጅቷ ቃል አንድም ትርጓሜ አልሰጠንም። በቅኔ ቤት ጀማሪ ተማሪ በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። የቅኔ መምህር ቁጡ ሊሆን ይችላል፣ ያርማልም። ምሥጢሩ ምንድን ነው ሳይል ግን አያልፍም። የልጅቷ ሁለት መስመር ሰምም ወርቅም ነበረው። ውኃው ሰሙ፣ እናቷ ወርቁ። እንቆቅልሽ እየተጠያየቀ፣ የአዝማሪና የአልቃሽ ግጥም እየሰማ ያደገ ልጅ ግጥም ከእኛ አይማርም። ይዞት ይመጣል። የእኛ ድርሻ የእንግሊዝኛውን በር መክፈት ነበር።

በዓመት 60 ሰዓት ሲፒዲ፣ ማለትም ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ ይጠበቅብናል። ሰዓቱን እንሞላለን፣ ፖርትፎሊዮውን እናዘጋጃለን። እና ምን ተለወጠ? ተማሪን ስለመለወጥ ሠልጥነን በዚያው ቀን፣ በዚያው አዳራሽ ልጅ አሳፍረን ወጣን። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ እንድታፍር ያደረግናት ልጅ ከሁሉም ትምህርት ትሸሻለች። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ሁላችንም ጮኸን። ኩረጃውን ወቀስን፣ ልጆቹን ወቀስን። ሳቃችንን ግን የቆጠረው የለም።

ወላጆችም ብትሆኑ፣ እንግሊዝኛ የተሳሳተን ሰው ቪዲዮ በስልክ የምትቀባበሉም ብትሆኑ፣ ልጆቻችሁ ከጎናችሁ ሆነው ያያሉ። አፍ መክፈት አደጋ እንዳለው የሚማሩት ከእናንተ ነው።

ሰኞ ጠዋት የልጅቷን እናት የትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘኋት። ጀሪካኑ ጀርባዋ ላይ ነበር። «መምህር፣ ልጄ እንዴት ሆነችልኝ?» አለችኝ። ልጅቷ ምንም አልነገረቻትም ማለት ነው። «ጎበዝ ነበረች» አልኳት። እሱስ እውነት ነው። የቀረውን ግን ዋጥኩት። እናትየው «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ጎንበስ አለችልኝ። ያን ጊዜ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ክፍል ውስጥ፣ በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳት። «ምንም አይደል፣ ቲቸር» አለች። ዓይኗን ከዴስኩ ላይ አላነሣችም።

ሌላ ሥልጠና እንደሚኖር ሰምተናል። እባካችሁ ኑ። እኔም እመጣለሁ። ከተማሪዎቹ በፊት እያንዳንዳችን በእንግሊዝኛ አራት መስመር ጽፈን እንድናነብ እጠይቃለሁ። እኔ እጀምራለሁ፤ ስሕተቴንም ስሙት። ደክሞኛል፤ ከዚህ የተሻለ ነገር ግን አልመጣልኝም።

እስከዚያው ሰኞ ሰኞ ደብተር እሰበስባለሁ። የእሷን ሳነሣ በቅድሚያ የምገልጠው የመጨረሻውን ገጽ ነው። ግጥሞቿን የምትጽፈው እዚያ ነበር። እስካሁን ባዶ ነው።