ሥርዓት እስኪመጣ ጭንቅላታችን ይጠብቅ?

ሰሞኑን እዚሁ ጎንደር ስለ ትራፊክ አደጋ በተጠራ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አንድ ተናጋሪ ማይኩን ያዙና «ሞተረኛውን በሄልሜት ከማሳደድ መጀመሪያ ሥርዓት እናስተምረው። ሄልሜት አደጋ አያስቀርም» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እስካሁን አልበረደልኝም።

አደጋ ያስቀራል ያለ ማን አለ? አጎበርም ረግረግ አያደርቅም። ወባ በማይጠፋበት ደንቢያ ግን ረግረጉ እስኪደርቅ ሕፃኑ ያለ አጎበር ይተኛ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ሥርዓት ይኑር ማለትን የሚጠላ የለም። ግን የማን ሥርዓት? የባለቤቴ ወንድም ሞተር የሚነዳው እንደ ሽማግሌ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ግራ ቀኙን አይቶ። ባለፈው ክረምት ጠዋት ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲመጣ፣ ከፊቱ የነበረ ባጃጅ ሰው ሊጭን ብሎ ፍሬቻ ሳያሳይ ቀጥ አለ። ልጁ ፍሬን ያዘ። ጎርፍ አስፋልቱ ላይ ያመጣው ጠጠር አንሸራተተውና ወደቀ።

ሄልሜቱ እኛ ቤት ነው። በቀኝ በኩል፣ ከጆሮ በላይ ተሰንጥቋል። ውስጡ ያለው ነጭ ፎም አውራ ጣት የሚያህል ቦታ ላይ ተጨፍልቆ ገብቷል። በጣቴ ዳስሼዋለሁ። የፎሙ ሥራ ይኸው ነው፤ እሱ እየተጨፈለቀ ጭንቅላት የሚቆምበትን ቅጽበት ያረዝማል። ፎሙ ባይኖር የሚጨፈለቀው ሌላ ነገር ነበር። ልጁ ግን ክርኑ ተልጦ፣ ከሰዓት በኋላ ሥራው ገባ።

«ቀስ ብሎ ለሚነዳ ምን ያደርግለታል?» ለሚሉም መልስ አለ። ሞተሩ ቆሞ እንኳ ቢወድቁ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ የወረደ ጭንቅላት መሬት የሚደርሰው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ነው። አስፋልት ደግሞ ጨዋ ነህ ብሎ አይምርም። ጨዋ ሞተረኛ የሚያዘው የራሱን እጅ ብቻ ነው። የባጃጁ ሹፌር፣ ወደ መተማ ጭነት ይዞ የሚከንፈው መኪና፣ እንጨት ተጭና ድንገት አስፋልት የምትገባው አህያ በእሱ እጅ አይደሉም። በእሱ እጅ ያለው የአገጩ ማሰሪያ ነው።

ቬትናሞች የመንገዱ ሥርዓት እስኪስተካከል አልጠበቁም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 ሄልሜትን በሁሉም መንገድ ግዴታ አደረጉ፤ ቅጣቱንም ጠበቅ አደረጉት። ሕዝቡ በአንድ ጀምበር ሄልሜት አጠለቀ፤ የጭንቅላት ጉዳትም ቀነሰ። የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው፣ 61 ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማም ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል ብሏል። እስቲ በስብሰባና በምክር ብቻ ይህን ያህል የቀነሰ ከተማ ይጥሩልን።

«ይሞቃል» ያሉም ነበሩ። ጎንደር ላይ! ጠዋት ጋቢ ደርበን በምንወጣበት ከተማ!

አንድ ነገር አምናለሁ። ሄልሜት እግረኛን አያድንም። ለእግረኛው ፍጥነት መገደብ፣ ዜብራ ላይ መቆም ያስፈልጋል። ይህ ግን ቁጥጥሩን ለመጨመር እንጂ የሄልሜቱን ለመተው ምክንያት አይሆንም። ዜብራው ጋ የሚቆመው ትራፊክ ሞተረኛውንም ያየዋል፤ ሁለት ዓይን አለው።

ደግሞ ሥርዓት የሚባለው ከየት ይጀምራል? ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ሲከንፍ ቆይቶ፣ ትራፊክ ሲያይ ማሰሪያውን ሳያስር ጭንቅላቱ ላይ ጣል የሚያደርገውን በየቀኑ አየዋለሁ። ሁለት ሰከንድ የሚፈጀውን ማሰሪያ ያላሰረ ሰው በምክር ፍጥነት ይቀንሳል?

ስለዚህ ቁጥጥሩ ይላላ ሳይሆን ይጥበቅ። ማሰሪያውም ይታይ። ከኋላ የሚቀመጠውም ይጠየቅ። ትናንት ጠዋት ማራኪ አካባቢ አንድ አባት ሄልሜት አድርጎ ሲያልፍ አየሁት፤ በደንብ አስሮታል። ከኋላው ወገቡን ያቀፈችው ዩኒፎርም የለበሰች ልጁ ግን ጭንቅላቷ ላይ ያለው የፀጉር ሪባን ብቻ ነበር።