ማስተካከያ፦ ስለ ግንባታና ዲዛይን ሙያ ሥልጠና

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሚሰጠው የግንባታና የዲዛይን ሙያ ሥልጠና ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ፣ የንድፍ ዘርፉን ያጠናቀቁ ተማሪዎች «አርክቴክት ሆነው ይወጣሉ» ማለታችን ስህተት ነው። ተማሪዎቹ የሚጨብጡት የንድፍ ሥራን መሠረታዊ ችሎታ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ አገሮች አርክቴክት ለመባል የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ፣ በባለሙያ ክትትል የሚደረግ የሥራ ልምምድና የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወደ አናጺነት ወይም ወደ ግንበኝነት የሚያመሩት ግን ሙያውን በለማጅነት ሊቀጥሉበት ይችላሉ።

በ1፡50 ስኬል፣ ማለትም ከእውነተኛው ልክ 50 ጊዜ አንሶ በተሠራ ፕላን ላይ 1 ሴንቲ ሜትር 5 ሜትርን ይወክላል ያልነውም መታረም አለበት፤ የሚወክለው ግማሽ ሜትር ነው። ስለዚህ 4 ሜትር ርዝመት ያለው ግድግዳ በወረቀቱ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በእኛ የተሳሳተ ስሌት የሄደ ተማሪ ግን በርና መስኮት ሊያሳይባት የማይችል፣ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነች ጭረት ያሰምር ነበር። ለተፈጠረው ስህተት አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።