የወንጀል ሪከርድ ያለበትን ልጅ ለመስሪያ ቤታችሁ ሪፈር አድርጉት

ባለፈው ክረምት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን አንድ ልጅ ስልኩን ከፍቶ ኢሜል አሳየኝ። ልጁን ከሚድል ስኩል ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ እናቱና እህቴ አንድ እቁብ ነው ሚጥሉት፣ ቀን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲጭን ውሎ ማታ ደሞ ኮድ ሲማር አመታት አይቼዋለሁ። ኢሜሉ የመጣለት ከሶስት ሳምንት በፊት ነው። ስራ አግኝቶ ነበር፣ ኦፈሩን ፈርሞ፣ ላፕቶፕ የሚላክበትን አድራሻ ሁሉ ሰጥቶ፣ ለእናቱ ነግሮ፣ እናቱም ድፎ ዳቦ ደፍታ ጎረቤት ጠርታ ነበር። ከዛ ባክግራውንድ ቼኩ (ቀጣሪ የሰውን ያለፈ ታሪክ የሚያጣራበት) መጣ።

ኢሜሉ ላይ ሁለት ፒዲኤፍ ተያይዟል፣ አንዱ ስለሱ የተገኘው ሪፖርት ነው፣ አንዱ ደሞ መብቱን የሚዘረዝር ወረቀት። ከስር «ሪፖርቱ ላይ ስህተት ካለ ወይም ማስረዳት የምትፈልገው ነገር ካለ በ5 የስራ ቀን ውስጥ ጻፍልን» ይላል። ልጁ ሪፖርቱን ከፈተ፣ የድሮ የወንጀል ኬዙ ከነቀኑ ከነፍርድ ቤቱ ተጽፎ ሲያየው ስልኩን ዘግቶ ተኛ። መልስ አልጻፈም። ከስምንት ቀን በኋላ ሁለተኛ ኢሜል መጣ፣ ኦፈሩ መሰረዙን ሚነግረው እሱ ነው። «ለምን አልጻፍክላቸውም?» ስለው «ምን ብዬ ጋሼ? አይተውታል እኮ» አለኝ፣ አይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

ይሄን እንድጽፍ ያረገኝ ያ መልስ ነው። የመጀመሪያውን ኢሜል እንደ ፍርድ ነው ያነበበው፣ እነሱ ግን እየጠየቁት ነበር። ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት የሚባለው የ1970 የአሜሪካ ህግ፣ ቀጣሪው ከባክግራውንድ ቼክ ካምፓኒ ባገኘው ሪፖርት ተነስቶ ሊከለክልህ ካሰበ ከመከልከሉ በፊት ሪፖርቱን ላንተ መላክ አለበት ይላል። የቀን ቁጥር አይጠቅስም፣ ብዙዎቹ ግን 5 የስራ ቀን ይሰጣሉ። ሪፖርቱ ላይ ያለው የሌላ ሰው ኬዝ ከሆነ ደሞ (የኛ የአባት ስም እንደ ላስት ኔም ስለሚያዝ ስም መመሳሰሉ ብዙ ነው) ሪፖርቱን ላወጣው ካምፓኒ ታመለክታለህ፣ ባጠቃላይ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ ማስተካከል ግዴታው ነው። ይሄን ለልጁ የነገረው ሰው የለም። እኔ 14 አመት በሶፍትዌር ሙያ ስሰራ፣ ሰው ኢንተርቪው ሳደርግ፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ኬዙ ምንድነው ላላችሁ፣ በ2016 የ20 አመት ልጅ ሆኖ ቨርጂኒያ ውስጥ ፓርኪንግ ላይ ካሽየር ነበር፣ አንድ ቅዳሜ ማታ ከመሳቢያው 340 ዶላር ወሰደ። ሰርቋል፣ አላስተባብልለትም፣ እሱም አያስተባብልም። ግን ያኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ከ200 ዶላር ጀምሮ ፌሎኒ (ከባድ ወንጀል) ነበር። በጁላይ 2018 ገደቡ 500 ሆነ፣ በጁላይ 2020 ደሞ 1,000 ዶላር። ዛሬ ያንኑ 340 ዶላር ቢወስድ ሚስዲሚነር (ቀለል ያለ ጥፋት) ነው። ብሩን መልሷል፣ ፕሮቤሽኑን (ፍርድ ቤት የወሰነበትን የክትትል ጊዜ) ጨርሷል፣ ከዛ ወዲህ የትራፊክ ቅጣት እንኳ የለበትም፣ ህጉ ተሻሽሎ የሱ ወረቀት ግን እንዳለ ነው። ቨርጂኒያ በ2021 አንዳንድ የድሮ ጥፋቶች በፍርድ ቤት እንዲታሸጉ የሚፈቅድ ህግ አውጥታለች፣ እንደሱ አይነቱን በሚመለከት ጠበቃ ማማከር ግድ ነው፣ እዚ አካባቢ በነፃ የሚረዱ የህግ ክሊኒኮች አሉ፣ እባካችሁ ሂዱ።

አንድ ነገር ደሞ ሳልል አላልፍም። ይሄ ልጅ ሲትዝን ነው። ግሪን ካርድ ቢሆን ኖሮ ወሬው ስለ ስራ ሳይሆን ስለ ዲፖርቴሽን ሊሆን ይችል ነበር። የኢሚግሬሽን ህግ «ጥፋተኛ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ሰፊ ነው፣ ዳኛው «ፕሮቤሽንህን ከጨረስክ ይሰረዝልሃል» ያለህ ጉዳይ እንኳ ብዙ ጊዜ ለኢሚግሬሽን አይሰረዝም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ፓዲያ በሚባለው ኬዝ የወንጀል ጠበቃ ለውጭ ዜጋ ደንበኛው ጥፋቱን ቢያምን ሊባረር እንደሚችል መንገር አለበት ብሎ ወስኗል። ስለዚ ሲትዝን ያልሆነ ሰው ካላችሁ «ቶሎ ፈርም እንውጣ» ሲሉት ዝም ብሎ እንዳይፈርም።

ወደ ስራው ልመለስ። እኛ ሰፈር ሁለት ነገር ይባላል፣ ሁለቱም ልጁን ጎድቶታል። አንደኛው «7 አመት ካለፈ ይጠፋል» ሚለው ነው። አይጠፋም። በፌደራል ህግ ተፈርዶብህ ከሆነ ሪፖርት ላይ ለመውጣት የጊዜ ገደብ የለውም። 7 አመት የሚባለው ተይዘህ ያልተፈረደብህ ከሆነ ነው፣ እሱም ቢሆን ደሞዙ በአመት 75,000 ዶላርና ከዛ በላይ ለሆነ ስራ አይሰራም፣ የሶፍትዌር ስራ ደሞ አብዛኛው እዛ ላይ ነው ያለው። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ስቴቶች ለተፈረደበትም 7 አመት ገድበዋል፣ ቨርጂኒያ ግን ካሊፎርኒያ አይደለችም። ልጁ 7 አመት ቆጥሮ ጠብቆ ነው ማመልከት የጀመረው፣ ስንት ጊዜ እንዳባከነ አስቡት።

ሁለተኛው «ሶፍትዌር ላይ ማንም አይጠይቅህም፣ ኮድህን ብቻ ነው ሚያዩት» ሚለው ነው፣ ይሄን ከሁሉ በላይ የሚያወሩት በሶስት ወር ስራ እናስይዛለን ብለው ሺዎች ዶላር ሚቀበሉት አሰልጣኞች ናቸው። እዚ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በብዛት ሚቀጥረው ማነው? የመንግስት ኮንትራክተርና ባንክ ነው። ኮንትራክተሩ ክሊራንስ (የመንግስት ሚስጥር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ) ይፈልጋል፣ የወንጀል ታሪክ ደሞ ክሊራንስ ሲታይ በቀጥታ ከሚመዘኑት ነገሮች አንዱ ነው። ባንኩ ደሞ የዲፖዚት ኢንሹራንስ (የባንክ ተቀማጭ ዋስትና) ህጉ ክፍል 19 በእምነት ማጉደልና በስርቆት የተፈረደበትን ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይቀጥር ይከለክለዋል፣ ሶፍትዌር ሰሪም ቢሆን። በ2022 መጨረሻ ህጉ ተሻሽሎ ብዙ የቆዩ ጥፋቶች 7 አመት ካለፋቸው ነፃ ሆነዋል፣ ግን ይሄን ስንት ሪክሩተር ያውቃል? ልጁ ካመለከተበት ከመቶ በላይ ቦታ አብዛኛው ከነዚ ሁለቱ ነበር። ኮዱ መጥፎ ስለሆነ አልነበረም፣ የሄደበት በር ቀድሞም የተዘጋ ስለነበር ነው፣ ያን ሳያውቅ ግን ራሱን ደደብ ነኝ እያለ ሁለት አመት ኖረ።

ስለ አሰልጣኞቹ ካነሳሁ አይቀር፣ ሬዙሜ ላይ ያልተሰራ የ6 እና የ7 አመት ልምድ ጻፉ ማለታቸውን ሁላችንም እናውቃለን፣ ዝም ብለናል። ሪከርድ የሌለበት ሰው ቢያዝ አንድ ስራ ያጣል። ሪከርድ ያለበት ልጅ ግን በስርቆት ተፈርዶበት ደሞ ዋሽቶ ሲገኝ ከዛ በኋላ «ተለውጫለሁ» ቢል ማን ያምነዋል? ያለው ብቸኛ ሃብት እውነቱን መናገሩ ነው፣ እሱንም ከ3,000 ዶላር ጋር ይቀበሉታል። ይሄ ነገር ያናድደኛል፣ በጣም።

ደሞ ዘሩ አለ። ዲቫ ፔጀር የምትባል ሶሲዮሎጂስት ሚልዋኪ ላይ ተመሳሳይ ወጣቶችን ወደ ቀጣሪዎች ልካ ጥናቷን በ2003 አሳትማለች፣ ሪከርድ ካለባቸው ነጮች 17 በመቶው ተጠሩ፣ ምንም ሪከርድ ከሌለባቸው ጥቁሮች 14 በመቶው፣ ሪከርድ ካለባቸው ጥቁሮች ደሞ 5 በመቶው ብቻ። ያ የሶፍትዌር ስራ አልነበረም፣ ዘመኑም ሌላ ነው። ቢሆንም የኛ ልጅ ቤት ውስጥ «እኛ እኮ ሃበሻ ነን» እየተባለ አድጎ ማመልከቻው ላይ ግን ጥቁር ነው፣ ሸክሙ ሁለት ነው። ከዛ በኋላ ስለ ወንጀል የሚጠይቀውን ሳጥን ከማመልከቻ የሚያስወጡ ህጎች በየቦታው መጥተዋል፣ ዲሲ ላይ ከ2014ቱ ህግ ወዲህ ከትንንሾቹ በቀር ቀጣሪዎች ኦፈር ሳይሰጡህ መጠየቅ አይችሉም፣ ሜሪላንድም ከትንንሾቹ በቀር ከ2020 ጀምሮ ቢያንስ እስከ መጀመሪያው የፊት ለፊት ኢንተርቪው ድረስ መጠበቅ አለባቸው። ጥሩ ነው፣ ግን ህጉ የሚያደርስህ እስከዛች ኢሜል ድረስ ነው።

አይቻልም እያልኩ አይደለም። ካሊፎርኒያ ያለው ሳን ኩዊንቲን እስር ቤት ውስጥ ላስት ማይል የሚባል ድርጅት ከ2014 ጀምሮ ያለ ኢንተርኔት ኮድ ሲያስተምር ቆይቷል፣ ስላክ (የመስሪያ ቤት መልእክት መላላኪያ የሚሰራው ካምፓኒ) በ2018 ከነሱ ጋር ሆኖ ከእስር የወጡ ሰዎችን አፕረንቲስ (ስራ ላይ ሰልጣኝ) አድርጎ መቀበል ጀመረ። በ2025 ደሞ ሜይን በሚባለው ስቴት አንድ እስር ቤት ውስጥ የነበረ ሰው፣ ገና ሳይፈታ፣ ቱርሶ የሚባል የዳታቤዝ ካምፓኒ ፉል ታይም ኢንጂነር አድርጎ ቀጠረው፣ ሰውየው መጀመሪያ በነፃ ለኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክታቸው ኮድ እየላከ ነው የታወቀው። እዛ ጋ ሙያችን ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ፣ ስራህን ሰው ሁሉ ገብቶ ሊያየው ይችላል፣ ነርስና ሹፌር ይሄ እድል የላቸውም። ግን አስተውሉ፣ በሁሉም ውስጥ «ይሄን ሰው አውቀዋለሁ» ያለ ሌላ ሰው አለበት። ጊትሀብ (ኮድህን ለሰው የምታሳይበት ድረ ገጽ) ብቻውን ማንንም አላስቀጠረም።

እና ወደኛ መጣሁ። እዚ አካባቢ በየካምፓኒው ተሰግስገናል፣ የአክስት ልጅ፣ የአብሮ አደግ ወንድም፣ በሰርግ ላይ የተዋወቅነውን ሰው ሁሉ ሪፈር እናደርጋለን፣ አንዳንዴ ኮዱን እንኳ ሳናይ። ሪከርድ አለበት ሲባል ግን አፋችን ይያዛል። በ2019 አንድ ሰው፣ ከኔ የሚበልጥ ትልቅ ሰው፣ ቤተክርስቲያን በር ላይ ጠብቆ «እንደው ወንድሜ የምትሰራበት ቦታ ብትጠይቅልኝ» አለኝ። ሁለት ቦታ ክፍት ነበር። ታስሮ እንደነበር ሰምቼ ስለነበር «አሁን ሰው አንቀጥርም» አልኩት። «እሺ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። ሰውየው አሁን የት እንዳለ አላውቅም፣ ፊቱ ግን ትዝ ሲለኝ እንቅልፍ ይነሳኛል።

«ስሜ ይበላሻል» የሚለውን ፍርሃት እረዳዋለሁ፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ተብለን ነው ያደግነው። ማንንም ዝም ብላችሁ አስገቡ አላልኩም። የአሜሪካ መንግስት የእኩል ስራ እድል ኮሚሽን በ2012 ለቀጣሪዎች ባወጣው መመሪያ ሶስት ነገር እዩ ይላል፣ ጥፋቱ ምን አይነትና ምን ያህል ከባድ ነው፣ ስንት ጊዜ አለፈው፣ ከስራው ጋርስ ይገናኛል ወይ። እኔም በዛው ነው ምመዝነው። ባለፈው አመት የደንበኞችን መረጃ ሸጦ የተያዘን ሰው ዳታቤዝ ላይ አላስቀምጥም፣ ይቅርታ። በ20 አመቱ 340 ዶላር ወስዶ መልሶ ከዛ ወዲህ በንፅህና የኖረን ልጅ ዌብሳይት እንዳይሰራ ሚያረግ ምክንያት ግን አላገኘሁም፣ ያገኘ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ከልጁ ጋር ለሚቀጥለው ጊዜ ሚሆን ደብዳቤ አዘጋጀን። መጀመሪያ የጻፈው አንድ ገጽ ሙሉ ይቅርታ ነበር፣ «በጣም አዝናለሁ» አምስት ቦታ። አስወጣሁት። ምን እንዳደረገ፣ መቼ፣ ስንት ብር፣ መመለሱን፣ ፕሮቤሽኑ ያለቀበትን ቀን፣ ከዛ ወዲህ ምን እንደሰራ፣ የመጋዘኑ አለቃው ስለሱ ሊመሰክር ፈቃደኛ መሆኑን፣ በቃ ግማሽ ገጽ። ፕሮቤሽኑ ያለቀበትን ወረቀት ስካን አርገን አያያዝን። እናቱ ወረቀቱን ከብዙ አመት በፊት ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ፌስታል ጠቅልላ አስቀምጣው ነበር፣ አንድ ቀን እንደሚያስፈልግ አውቃለች ማለት ነው።

ከዛ ባልቲሞር ያለ ስድስት ሰው ያለው ትንሽ ካምፓኒ፣ ድሮ አብሮኝ የሰራ ሰው ያለበት፣ ሰው እንደሚፈልጉ ሰማሁ። ደወልኩ። ኬዙን ልጁ ራሱ በመጀመሪያው ኢንተርቪው ላይ ተናገረ፣ ባክግራውንድ ቼኩ ሳይመጣ፣ እሱ ራሱ ነው የመረጠው፣ ህጉ አያስገድደውም ነበር። ደብዳቤውንም ሰጣቸው። አራት ቀን ዝም አሉ፣ በነዛ አራት ቀናት እናቱ ስንት ጊዜ ለእህቴ እንደደወለች አልነግራችሁም። ሰኞ ለሶስት ወር በኮንትራት ጀምሯል፣ ቤኔፊት የለውም፣ በሰአት የሚከፈል ነው፣ ከሶስት ወር በኋላ ይታያል ብለውታል። ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያ ፑል ሪኩዌስቱን (የጻፈው ኮድ እንዲገባለት የሚያቀርበውን ጥያቄ) ከፍቶ ስክሪንሾት ላከልኝ፣ የሆነ ፎርም ላይ የስልክ ቁጥር ማረጋገጫ ነው፣ 22 መስመር።