የአንዱ ጥቁር ሽቦ የሌላው ነጭ
ሁለት ሌሊት ሙሉ የርካሽ ኤሌክትሪክ ጊታሬን ሆድ ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ባለ 5 ቦታው መቀየሪያ 3 ፒካፖችን (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይሩትን ክፍሎች) ያዛል፤ 2ኛውና 4ኛው ቦታ ሁለት ሁለቱን ያጣምራሉ። 4ኛው ደህና ነው። 2ኛው ላይ ግን ድምፁ ይቀጥናል፣ ወፍራሙ ድምፅ ድራሹ ይጠፋል! በመጨረሻ ደረስኩበት፤ የብሪጁ (ክሮቹ ታች የሚያርፉበት ድጋፍ አጠገብ ያለው) ፒካፕ ሁለት ሽቦዎች ተገልብጠው ተበይደዋል፣ ስለዚህ የሁለቱ ፒካፖች ሞገዶች እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። ሽቦዎቹን ማቀያየር ቀላል ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የሽቦ ቀለም በየአምራቹ ይለያያል፤ አንዱ ዘንድ ጥቁሩ የመሬት ሽቦ ነው፣ ሌላው ዘንድ ድምፁን የሚያወጣው። ታዲያ አንዲት ገጽ የሽቦ ንድፍ ካርቶኑ ውስጥ መጨመር ይህን ያህል ይከብዳል? ርካሽ ጊታር የሚገዛው እኮ አብዛኛውን ጊዜ ጀማሪ ነው። ድምፁ ሲበላሽበት ጣቶቹን ይወቅሳል እንጂ ሽቦውን አይጠረጥርም።