የተመለሰው ጀግናና ልቡ ለሁለት የተከፈለው ደጋፊ

ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ያረፈች ከተማ በመሆኗ ብስክሌት ይስማማታል፤ ደሴ ግን ከጦሳ ተራራ ሥር ተለጥፋ ብስክሌተኛውን የምትፈትን ከተማ ናት። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው የሐረጎ ዳገት 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ያስወጣል። ልጅ ሳለሁ በኮምቦልቻ በሰዓት በተከራየኋት አሮጌ ብስክሌት ያን ዳገት ለመውጣት ሞክሬ፣ እኩሌታው ላይ እንኳ ሳልደርስ ወርጄ እየገፋሁ ተመልሻለሁ። ከዓመታት በኋላ የፈረንሳይን ተራሮች በሳምንታት ውድድር የሚያቋርጡትን ሰዎች በቴሌቪዥን ሳይ ያደነቅሁት በዓይኔ ብቻ ሳይሆን በእግሬም ጭምር የነበረው ለዚህ ነው።

ሰሞኑን በዚያችው ኮምቦልቻ ብስክሌት ከሚጠገንበት አንድ ደጅ ተቀምጬ ሳለሁ ክርክር ተነሣ። የተነሣውም በኔዘርላንዳዊቷ አና ቫን ደር ብሬገን ምክንያት ነው። የሪዮ ኦሎምፒክ የጎዳና ውድድር ባለወርቋ ቫን ደር ብሬገን በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከውድድር ተሰናብታ የቡድኗ አሠልጣኝ ከሆነች በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ዳግም ተወዳዳሪ ሆና ተመልሳለች። (ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) አንዱ ወጣት መመለሷን እንደ ትልቅ የምሥራች ሲያወራ፣ ካቴና ሲያጥቡ የነበሩት ጠጋኝ ዝም ብለው ይሰሙት ነበር። «አያ፣ እርስዎ አልተደሰቱም?» አላቸው። «መመለሷን አልጠላሁም፤ የፊተኛውን እንዳታበላሽብን ግን እፈራለሁ» አሉት። ወጣቱ ይህን አባባል እንደ ክፉ ምኞት ቆጥሮ ተቆጣ፤ እኔ ግን የዚያ ሰው ፍርሃት ከፍቅር የመጣ መሆኑን ስለማውቅ፣ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት ስለ እሳቸው ለመሟገት ነው።

ይህን ስሜት ከማንም በላይ ያስተማረን የላንስ አርምስትሮንግ ታሪክ ነው። አሜሪካዊው ብስክሌተኛ በ1989 ዓ.ም. ወደ ሳንባውና ወደ አንጎሉ በተሠራጨ ካንሰር ተይዞ፣ ከሞት ደጅ ተመልሶ፣ ከ1991 እስከ 1997 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ የሚባለውን ታላቁን የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር ሰባት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ ተብሎ ነበር። በመጨረሻው ድል ቀን፣ በሐምሌ 1997 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በአሸናፊዎች መድረክ ቆሞ ሲሰናበት፣ ለሚጠራጠሩት ሰዎች እንደሚያዝንላቸውና በተአምር የማያምኑ መሆናቸው እንደሚያሳዝነው ተናገረ። ይህን ንግግር ልብ እንበለው፤ ሻምፒዮኑ በስንብቱ ሰዓት ሳይቀር የተጠራጠረውን ሰው ልቡ የደነደነ አድርጎ ነበር ያቀረበው።

ከዚያም ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ እኛ ለእንቁጣጣሽ ስንሰናዳ እሱ እመለሳለሁ አለ። ዕድሜው 37 ሊሞላ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። የመመለሻው ዋና ምክንያት ለካንሰር ሕሙማን ድምፅ መሆን እንደሆነ አስታወቀ፤ ደመወዝም እንደማይቀበል ተናገረ። ይህ በደጋፊው ላይ የጣለውን ሸክም አስቡት። የአንድን ሰው ወደ ስፖርት መመለስ መቃወም በአንድ ጊዜ የሕሙማንን ተስፋ መቃወም ሆኖ ቀረበ። ጥርጣሬህን ስትናገር ብስክሌተኛውን ብቻ ሳይሆን የታመመችውን እናት፣ የታመመውን ልጅ ያስቀየምህ ይመስልሃል።

ለእኔ ይህ ነገር ሩቅ አልነበረም። በ1996 ዓ.ም. የአርምስትሮንግ ድርጅት ማሠራጨት የጀመረው ቢጫ የጎማ አምባር በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች ተሸጦ፣ አስመስለው የተሠሩት ሳይቀሩ ወደ እኛም ገበያ ደርሰው ነበር። አክስቴ በዚያው በሽታ ተይዛ አዲስ አበባና ደሴ ስትመላለስ አንዱን ገዝቼ፣ የሰውየውን ታሪክ ነግሬ፣ በእጇ ላይ አጠለቅሁላት። አክስቴ በሕይወቷ አንድም የብስክሌት ውድድር አይታ አታውቅም። ቡና ስታፈላ ያ አምባር ከእጇ አይወልቅም ነበር፤ በቡናው ዱዓ ላይ ጎረቤቶቿ ሲመርቁ «እንደዚያ ፈረንጅ ያድርግሽ» ይሏት ጀመር። በእኛ ሰፈር በበረካው ስኒ የሚወርደው ምርቃት እንደ ቀላል ነገር አይታይም። ስለዚህ ሰውየው እመለሳለሁ ሲል በቤታችን የሆነው ደስታ የስፖርት ደስታ አልነበረም።

ይሁን እንጂ በዚያው ወራት ልቤ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የአየርላንዱ ጋዜጠኛ ዴቪድ ዋልሽ የአርምስትሮንግን ድሎች እየተጠራጠረ ለዓመታት ሲጽፍ የቆየውን ሰምቻለሁ፤ የቡድኑ ማሳጅ ባለሙያ የነበረችው ኤማ ኦራይሊ ስለ አበረታች መድኃኒቶች ያየችውን በመመስከሯ በፍርድ ቤት እንደተከሰሰችና ስሟ እንደጠፋም ሰምቻለሁ። የሦስት ጊዜ የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊው ግሬግ ሌሞንድ በመስከረም 2001 ዓ.ም. በላስ ቬጋስ በተካሄደው የአርምስትሮንግ ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ተገኝቶ ጥያቄ ሲያነሣ፣ እንደ ምቀኛ የቆጠሩት ብዙዎች ነበሩ። ቅናት ብሎ መፈረጅ ቀላል ነው፤ መልስ ከመስጠት ያድናል። እመለሳለሁ ያለው ሰው ንጽሕናውን ለማሳየት ያቀደው ልዩ የምርመራ መርሐ ግብርም ወሬው ከተነዛ በኋላ፣ በየካቲት 2001 ዓ.ም. ሳይጀመር ቀረ። ያን ቀን ለአክስቴ አልነገርኋትም። ለምን እንዳልነገርኋት እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ውድድሩ ራሱ ደግሞ ሌላ ሐዘን ነበረው። አርምስትሮንግ የተመለሰበት አስታና የሚባለው ቡድን በወቅቱ የዓለም ቁንጮ የነበረውን ስፔናዊ አልቤርቶ ኮንታዶርን የያዘ ነበር፤ ኮንታዶር በ1999 ዓ.ም. ቱሩን፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የጣሊያኑን ውድድር አሸንፎ፣ በመስከረም 2001 ዓ.ም. የስፔኑንም ጨምሮ ነበር። ወጣቱ ሻምፒዮን በገዛ ቡድኑ ውስጥ ባይተዋር ሆነ። የቀድሞ ጌታ ሲመለስ ወንበሩን ማን ይልቀቅ የሚለው ጥያቄ በየተራራው ታየ፤ በመጨረሻም በሐምሌ 2001 ዓ.ም. ኮንታዶር አሸነፈ፣ አንዲ ሽሌክ ሁለተኛ፣ አርምስትሮንግ ሦስተኛ ወጣ። በ37 ዓመት ዕድሜ ከሦስት ዓመት ዕረፍት በኋላ ሦስተኛ መውጣት ግሩም ነገር ነው ብለን አጨበጨብን፤ በልባችን ግን «እውነት ከሆነ» የምትል ቃል ትከተል ነበር። ይህች ቃል ጭብጨባን ምን ያህል እንደምታመርር ያልቀመሰው አያውቃትም።

መመለሱም ራሱ የሸሸገውን ገለጠው። በ1998 ዓ.ም. የተገኘውን ድል በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ያጣው የቀድሞ የቡድን ባልደረባው ፍሎይድ ላንዲስ፣ አርምስትሮንግ ከተመለሰ በኋላ ባቋቋመው አዲስ ቡድን ቦታ ተነፍጎ፣ በግንቦት 2002 ዓ.ም. የሚያውቀውን ሁሉ አወጣ። ከዚያ በኋላ ነገሩ አልቆመም፤ የአሜሪካ የፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ምርመራውን አጠናቅቆ፣ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ሰባቱንም ድሎች ሠረዘ። በጥር 2005 ዓ.ም. አርምስትሮንግ በቴሌቪዥን ቀርቦ በሰባቱም ድሎቹ መድኃኒት መጠቀሙን አመነ፤ በተመለሰባቸው ዓመታት ግን አልተጠቀምሁም አለ፤ ኤጀንሲው የደም ናሙናውን ጠቅሶ ይህን አይቀበልም። በዚያው ቃለ ምልልስ ባልመለስ ኖሮ እዚህ ባልተቀመጥሁ ነበር የሚል ሐሳብ ሰጠ። ለእኔ ከኑዛዜው ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፤ የሚቆጨው የተመለሰበት ቀን እንደሆነ ነገረን፤ እኛን ግን የሚቆጨን የዋሸባቸው ዓመታት ናቸው።

ለአክስቴ በመጨረሻ ነገርኋት። ስሜቷ ይሰበራል ብዬ ፈርቼ ነበር። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ብስክሌቱንስ ይዋሽ፣ በሽታውንም ዋሽቷል?» ብላ ጠየቀችኝ። አልዋሸም አልኋት። «እንግዲያስ የእኔ ምርቃት አልጠፋም» አለችኝ። ይህን መልስ አከብራለሁ፤ ለእሷም እውነት ነው። ለእኔ ግን አልሆነም፤ እሷ ያመነችው ሰውየው ታሞ መዳኑን ሲሆን እኔ ያመንሁት ዳገቱን ነው፣ የተታለልሁትም በዳገቱ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ያለን ሁለት ደጋፊዎች ከአንድ ሰው ሁለት የተለያየ ነገር ወስደን ነበር፤ ለዚህም ነው በመመለሱም በመውደቁም አንድ ዓይነት ስሜት ሊሰማን ያልቻለው።

ይህን ስል ጀግና ሁሉ ከተሰናበተ ወዲያ አይመለስ ማለቴ አይደለም። ፈረንሳዊው ቤርናር ኢኖ ቱሩን አምስት ጊዜ ካሸነፈ በኋላ 32 ዓመት ሲሞላው አቆማለሁ ብሎ አስቀድሞ ተናግሮ፣ በ1979 ዓ.ም. ቃሉን ጠብቆ አቁሞ፣ ዳግም አልተወዳደረም፤ ይህ ታላቅ ክብር ነው። ብሪታንያዊው ማርክ ካቨንዲሽ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ እሰናበታለሁ ካለ በኋላ ሐሳቡን ለውጦ፣ በሰኔ 2016 ዓ.ም. የቱሩን 35ኛ ዕለታዊ ድሉን አግኝቶ ከቤልጅጉ አንጋፋ ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ ጋር ይጋራው የነበረውን ክብረ ወሰን ለብቻው ያዘ። እሱን ተመለስ ባይ ሁሉ ደስ ብሎታል። እዚህ እኛ ሀገርም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ ጉልበቱን ታምሞ ሲያቋርጥ መሰናበቱን በድንገት አስታወቀና፣ ከቀናት በኋላ ሐሳቡን ለወጠ። በደሴ ሻይ ቤቶች ያን ሰሞን ሰው ደስ አለው፣ ደግሞም ፈራ፤ ጀግናው ባልተሰናበተ የሚለውና ጀግናው ሲሸነፍ አላይም የሚለው በአንድ ሰው አፍ ሲነገር ሰምቻለሁ።

ከሁሉም ግን ሳልጠራጠር የማስታውሰው የደራርቱ ቱሉን ነው። አርምስትሮንግ ሦስተኛ በወጣበት በዚያው የፈረንጆች ዓመት፣ ጥቅምት 22 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ደራርቱ ተሰናብቻለሁ ብላ አታውቅም፤ በወሊድ ርቃ ስትመለስም በወገኗ ዘንድ ተጠራጣሪን የሚወቅስ ንግግር አላስፈለጋትም። በዚያ ውድድር እንግሊዛዊቷ ሯጭ ፓውላ ራድክሊፍ ታምማ ስትቸገር ዞር ብላ አይዞሽ ስትላት ዓለም አይቷል። የሁለቱን የ37 ዓመት ሰዎች አመላለስ ሳነጻጽር ለአርምስትሮንግ በቂ ርኅራኄ እንደማላሳይ አውቃለሁ፤ ግን የስፖርቱ ባሕርይ፣ በዙሪያቸው የነበረው ገንዘብና የሁለቱ አያያዝ አንድ እንዳልሆነ መካድ አልችልም።

ወሎ የአምባሰልና የባቲ፣ የአንቺ ሆዬና የትዝታ ሀገር ናት፤ ስለዚህ ስለ ናፍቆት ባዕዶች አይደለንም። ትዝታ የሚያንጎራጉር ሰው ያለፈው ዳግም እንዲመጣ ይመኛል፤ በእውነት ቢመጣበት ግን ምን እንደሚያደርገው አያውቅም፤ ምክንያቱም የናፈቀው ሰው በትዝታው ውስጥ አያረጅም፣ አይዋሽም፣ አይሸነፍም። ሻምፒዮን ሲመለስ ደጋፊው የሚገጥመው ይኸው ነው። የፈራው ጠጋኝ የፈራው በተራራ ላይ ያየው፣ የራሱ ያደረገው፣ ማንም ዳግም ሊነካበት የማይገባው ነገር እንዳይበላሽበት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ተሸናፊ መንፈስ አለህ» ብሎ መዝለፍ በ1997 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የተሰማውን ንግግር በእኛ ቋንቋ መድገም ነው።

በዚያ ደጅ ወጣቱ ከተረጋጋ በኋላ ጠጋኙን ሌላ ጥያቄ ጠየቃቸው፤ ቫን ደር ብሬገን የምትወዳደርበትን ቀን በቴሌቪዥን ያዩ እንደሆነ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «አያለሁ እንጂ፤ ባላይማ ምን አስፈራኝ» አሉት። ካቴናውን ወደ ማርሹ መልሰው፣ ቸርኬውን በአንድ ጣት አሽከርክረው እስኪቆም ጠበቁና ብስክሌቷን ለባለቤቷ ሰጡ።