መገንጠያው ላይ ማን ይቆማል?

ኧረ ተዉ እናንተ ሞተረኞች! ሳምንቱን ሙሉ እሁድን ስጠብቅ እከርማለሁ፣ እሁድ ሲመጣ ደም ብዛቴን ታስነሱታላችሁ።

ስድስት ሆነን በሱሉልታ አድርገን ወጣን። ጫንጮ ላይ አስፋልቱን ትተን በገበሬ መንገድ ወደ ዱርባ፣ ወደ ሙገር ሸለቆ አፋፍ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሜዳው መረሬ፣ ጥቁር አፈር ነው። ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይይዛል። ጭቃው ጎማውና ፓራፋንጎው መሀል ገብቶ ይጠቀጠቅና ጎማው አልዞርም ይላል። ወርዶ በእንጨት መፈልፈል ነው። ሃያ ሜትር ሄደህ፣ ደግሞ መፈልፈል።

ከመነሳታችን በፊት ተነጋግረን ነበር። መገንጠያ ላይ ከመሪው ቀጥሎ ያለው ሰው ይቆማል፣ የመጨረሻው ሰው እስኪደርስ መንገድ ያሳያል። ሁሉም ከኋላው ያለውን በመስታወት ያያል፤ ከጠፋበት ይቆማል። በቃ። ይኼ ምን ትምህርት ይጠይቃል? "ችግር የለም ብሮ" ተባለ።

የመጀመሪያው መገንጠያ ላይ ደረስኩ። ሁለት መንገድና አንዲት አህያ። ሌላ ማንም የለም። አህያዋን ልጠይቃት?

ከእኔ ጋር የቀረው አዲሱ ልጅ ነው። ሞተር ከገዛ ገና ሁለት ወሩ። ጎማው ለአስፋልት በተሞላው ንፋስ እንደተወጠረ ነው፣ እግሩ ላይ ስኒከር አድርጓል። (እዚህ ላይ እኔም ጥፋት አለብኝ፤ ሳንነሳ ማየት ነበረብኝ።) የቀደሙትን ልድረስ ብሎ ከአቅሙ በላይ ሲነዳ፣ ድንጋያማው ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬኑን ጨምድዶ ያዘ። ዘጭ! ሞተሩ እግሩ ላይ ተኛ፣ ማርሚታው ቁርጭምጭሚቱን ጠበሰው። ብቻዬን ላነሳው ብታገል ጭቃው ያንሸራትተኛል። ልደውል ብል ኔትወርክ የለም። በኋላ አንድ አባት ከማሳቸው ሮጠው መጥተው አብረን አነሳነው። ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ "ጓደኞቻችሁ ቅድም አለፉ፤ ማን እያባረራቸው ነው?" አሉኝ። ምን ልበላቸው?

የዳገቱንማ ተዉት። ፊት ያለው ሰው ጫፍ ሳይደርስ ሥር ሥሩ መግባት የምን ጀብድ ነው? መሀል ላይ ሞተሩ ቢጠፋበት እኮ ተንሸራቶ የሚመጣው አንተው ላይ ነው! ባለፈው ወር የሁለት ሞተር እጀታ ተጠላልፎ ስንፈታ አልዋልንም? ያን ቀን ሁላችንም ስቀናል። እግር ስላልተሰበረ ነው የሳቅነው።

ልጁን ይዤ ጫንጮ ስመለስ ጥብስ ላይ ናቸው። "የት ጠፋችሁ? አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅናችሁ እኮ!" አይሉም? ለሄልሜታቸው ወንበር ይዘውለታል፣ ለልጁ መቀመጫ ያጣነው እኛ ነን።

ዛሬ ጠዋት ቴሌግራም ላይ "ለእሁድ ማን አለ?" ተባለ። አራቱም እጃቸውን አወጡ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጻፍኩ፦ "መገንጠያው ላይ ማን ይቆማል?" ሁሉም አይቶታል። እስካሁን የመለሰ የለም።