ኪሱ ጠበበ ወይስ አቁማዳው ያፈሳል?

የክርክሩ ርእስ፦ “ለሰብአዊ እርዳታ የሚውለው ገንዘብ ለመጉደሉ ተጠያቂዎቹ ለጋሽ አገሮች ናቸው።” አንዱ ጸሐፊ ይደግፋል፣ ሌላው ይቃወማል።

ደጋፊ፦

ከቁጥሩ ልጀምር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለእ.ኤ.አ. 2025 የጠየቀው 47 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ 190 ሚሊዮን ሰው ለመርዳት። ሰኔ ላይ ጥያቄውን ወደ 29 ቢሊዮን፣ ተረጂውን ወደ 114 ሚሊዮን አወረደው። ችግረኛው ቀንሶ እንዳይመስላችሁ። ያጠረው ዝርዝሩ ነው።

በመሀል ምን ተፈጠረ? አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ጥር ላይ አገደች፣ በዓመቱ አጋማሽ የእርዳታ ድርጅቷ ዩኤስኤአይዲ ተዘጋ። ብሪታንያም ከብሔራዊ ገቢዋ 0.5 በመቶ የነበረውን እርዳታ በ2027 ወደ 0.3 እንደምታወርድ አስታወቀች። ገንዘቡ ለመከላከያ ተፈልጎ ነው። ሀብታም አገሮች 0.7 በመቶ ይስጡ የተባለው እኮ በ1970 ነው! ይህን ጉድለት ሰማይ አላወረደውም፤ ስብሰባ ላይ እጅ ወጥቶለት የጸደቀ ነው።

ተቃዋሚ፦

ቁጥሩን አልክድም፣ ወዳጄ። ግን አንድ ለጋሽ ብቻውን ከሲሶ በላይ ይሸፍነው የነበረው ሥራ እንዴት ያለ ሥራ ነው? አሜሪካ እጇን ስትሰበስብ ቤቱ የተናጋው ምሰሶው አንድ ስለነበር ነው።

አቁማዳውም ያፈሳል። በ2016 ለጋሾችና ትልልቅ ድርጅቶች ኢስታንቡል ላይ ተሰብስበው፣ በ2020 ከገንዘቡ ሩቡን በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር በቀል ድርጅቶች እናደርሳለን አሉ። ቀኑ አለፈ። በቀጥታ የሚደርሰው አምስት በመቶ እንኳ አልሞላም። አንዱ ድርጅት ለሌላው ሲያስተላልፍ ሁሉም የአስተዳደር ወጪውን ይቆርጣል። ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ሰው የሚያወጣው የሰፈር ልጅ ጋ ሲደርስ ፍርፋሪ ነው። በዚያ ላይ ከአሜሪካ የሚላከው የምግብ እርዳታ ቢያንስ ግማሹ በራሷ መርከቦች እንዲጫን የሚያስገድድ ሕግ አለ።

ደጋፊ፦

የመርከቡን ነገር እንኳን አነሱልኝ። ሕጉን ማን አወጣው? ለጋሹ!

እስቲ ፕላምፒ ነት የሚባለውን የኦቾሎኒ ምግብ እናስብ። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ነው። ውሃ አይፈልግ፣ እሳት አይፈልግ። እናት ጫፉን ትቀደዋለች፣ በጣም የከሳው ልጇ እየጨመቀ ይመጠዋል። 150 ከረጢት የያዘ አንድ ካርቶን አንድ ሕፃን ለማዳን ይበቃል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት። ካርቶኑ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቢያልቅስ? ልጁ ወደ ጀመረበት ይመለሳል። አሠራሩ እስኪሻሻል ጠብቅ አይባል ነገር።

ደግሞ ገንዘቡ የለም አይበሉኝ። በ2014 መጨረሻ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለ1.7 ሚሊዮን የሶርያ ስደተኞች የሚሰጠውን የምግብ ኩፖን ገንዘብ አለቀብኝ ብሎ አቋረጠ። ዓለም ጮኸ። በቀናት ውስጥ ገንዘቡ ተገኘ።

ተቃዋሚ፦

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄው ነው። ካልተጮኸ የማይሞላ ቋት!

ከምያንማር ሸሽተው ባንግላዲሽ ያሉትን የሮሂንጊያ ስደተኞች ይመልከቱ። በ2023 የአንድ ሰው የወር ምግብ ከ12 ዶላር ወደ 10፣ ከዚያ ወደ 8 ወረደ። በቀጣዩ ዓመት ቀስ በቀስ ከ12 በላይ ሆነ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ 6 ሊሆን ነው የሚል ደብዳቤ መጣ። ካምፑ ተረበሸ። ከዚያ መልሶ 12 ይሁን ተባለ። አንዲት እናት በዚህ መሀል ምን ታቅድ? ሩዙን ዛሬ ትጨርሰው ወይስ ትደብቀው? (እኔ ብሆን እደብቅ ነበር።) እጥረቱ ያስርባል፣ መዋዠቁ ግን ያሳብዳል።

መላ ጠፍቶ አይደለም። እዚያው ባንግላዲሽ በ2020 የጎርፉ ትንበያ እንደታየ፣ ውሃው ጫፍ ሳይደርስ፣ ከተመድ የአስቸኳይ ጊዜ ፈንድ ገንዘብ ተለቀቀ። ሰው ጎርፉ ሳይበረታ ጥሬ ብር ያዘ። ገንዘቡ ቀድሞ ቋት ውስጥ ስለነበር ነው። እንግዲህ ቋቱን እናስፋ።

ደጋፊ፦

እዚህ ላይ እንስማማለን። ግን ያ ፈንድ የሚሞላው በውዴታ መዋጮ መሆኑን ያውቃሉ። የዓመት ግቡ አንድ ቢሊዮን ዶላር ነው፤ አንድ ዓመት እንኳ ሞልቶ አያውቅም። ለመሆኑ እሱን የሚሞላው ማን ሊሆን ነው?